የጅማን ጨፌዎች የመረመረው ጥናትና ያልተሰመረው ወሰን

ስለ ከተማ ረግረጎች የሚጻፉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የሚመዘኑት በያዙት የቁጥር ብዛት ነው። ነገር ግን ሌላ ሚዛንም አለ፤ ይኸውም ጥናቱ ያጠናውን ነገር ከጥፋት ለማዳን ምን ያህል ይረዳል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ አጭር ሂስ ልንመረምረው የወደድነው ጽሑፍ ኒልስ ደ ትሮየር፣ ሰይድ ጥቁ መረታና ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 «ዋተር» በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ስለ ጅማ ወንዞችና ረግረጎች ያወጡትን ነው። ጽሑፉ በብዙ መልኩ የሚመሰገን ነው። ሆኖም አንድ ማዘጋጃ ቤት ይህን ጽሑፍ በእጁ ይዞ በነጋታው ምን ሊሠራ ይችላል ብለን ስንጠይቅ መልሱ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

1. የቦታው አቀማመጥ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያሻል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት ከሜዳው በላይ በጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ስመ ጥሩው ገበያ ግን ከታች በሂርማታ ይቆም ነበር። ኋላ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን አዲሱን ከተማ የቀየሱት በሂርማታ አጠገብ በሜዳው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው በሰፋ ቁጥር ወደ ውሃው መጠጋቱ አልቀረም።

አዌቱ የሚባለው ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ሲያልፍ የየቤቱንና የየገበያውን እጣቢ ተሸክሞ ወደ ቦዬ ይወርዳል። ቦዬ ጉማሬ የሚታይበት ሰፊ ረግረግ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ወደ ግልገል ጊቤ ያመራል፤ በዚህም ወንዝ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል ያለው ግድብ ይገኛል። እንግዲህ ቦዬም፣ ቂጦም፣ ሌሎቹም ጨፌዎች በከተማውና በግድቡ መካከል እንደ ተዘረጋ ወንፊት ናቸው ማለት ይቻላል። ወንፊቱ ሲቀደድ ጉድፉ ወደ ታች ያልፋል፤ ሲደፈን ደግሞ የክረምቱ ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ የሰው ቤት ይገባል።

2. የጥናቱ ብርታት

ጸሐፊዎቹ በጅማና በአካባቢዋ 53 ቦታዎችን መርጠው የውሃውን ጠባይ ለክተዋል፤ በዚያው ቦታ የሚኖሩትን አከርካሪ የሌላቸው ታናናሽ የውሃ እንስሳትም ሰብስበው ለይተዋል። የጥናቱ ትልቁ ዋጋ በዚህ በሁለተኛው ሥራ ላይ ነው። በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የሚመሰክረው ስለ ተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ማለዳ የተደፋው ቆሻሻ ከቀትር በኋላ አልፎ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በጭቃው ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት የቆየ እጭ ግን በዚያ ጊዜ ያለፈውን ሁሉ ተቀብሎ የኖረ ምስክር ነው።

ምስክሩም የተናገረው ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በከተማው ውስጥና ከከተማው ዝቅ ብሎ ባሉት ቦታዎች በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በሊትር ከ4 ሚሊ ግራም በታች ሆኖ ተገኝቷል። የእንስሳቱ ማኅበር ብዙ ሳይጓደል የተገኘው ከከተማው በላይ ባሉት የወንዝ ክፍሎች ብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በቁጥር ብቻ ቢታይ የታችኛው ውሃና ረግረጉ ከላይኛው ይልቅ ብዙ እንስሳት አሏቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ መኖር የሚችሉት ኪሮኖሚድ የተባሉት የማይናከሱ ትንኞች እጮችና እነርሱን የመሰሉ ናቸው። ብዛቱን አይቶ ውሃው ሕይወት ሞልቶታል የሚል ሰው ይሳሳታል። ጸሐፊዎቹ ይህን ለይተው ማሳየታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

3. ነጥብ ወሰን አይሆንም

ሂሳችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። 53ቱ ቦታዎች 53 ነጥቦች ናቸው። ነጥብ ደግሞ ውሃው በዚያ ቦታ ታሟል ወይም ድኗል ይላል እንጂ ረግረጉ ከየት ጀምሮ የት ላይ እንደሚያበቃ አይናገርም። ተመራማሪው የሚያየው ናሙናውን ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ የሚያየው ካሬ ሜትሩን ነው። በሁለቱ መካከል ጨፌው እንደ አንድ ሙሉ ቦታ የሚታይበት ዐይን ይጠፋል።

የረግረግ ወሰን አስቸጋሪ መሆኑን አንክድም። በየካቲት ከብት የሚሰማራበትና መሬቱ የተሰነጣጠቀው ቦታ በነሐሴ ውሃ ይተኛበታል። በበጋ ለክቶ የሚሰጥ ሰው ደረቅ መሬት የሰጠ ይመስለዋል፤ የተቀበለውም ሰው ቤት ሠርቶ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ገባብኝ ብሎ ይጮኻል። ውሃው የገባው ግን ዱሮም በሚተኛበት ቦታ ነው። ስለዚህ የወሰኑ ጥያቄ የውሃውን እንስሳት ብቻ ሳይሆን ድኻውን የቤት ባለቤትም የሚነካ ነው።

ሕጉ ቢታይ የወሰን ማጣት ጉዳት ይበልጥ ይገለጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 299 እና 300 አንዱ ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ሁለተኛው ስለ ብክለት ቁጥጥር የሚደነግጉ ናቸው። ግምገማ የሚጠየቀው ግን ትልቅ ሥራ ሲታሰብ ነው። ጨፌ የሚጠፋው በአንድ ትልቅ ሥራ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል፣ ሌላው ለጡብ የሚሆን ሸክላ አፈር ያወጣበታል፣ ሦስተኛው በጋሪ አፈር አስመጥቶ መሠረት ይጥልበታል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ለግምገማ የማይበቃ ትንሽ ነገር ነው፤ ሲደመር ግን ጨፌው የለም። ከዚህም ሌላ ስለ ከተማ ፕላን የወጣው አዋጅ ቁጥር 574/2000 እና ስለ ከተማ ቦታ ሊዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 የቦታን ዕድል ከፕላን ጋር ያያይዙታል። በፕላን ላይ በስሙና በወሰኑ ያልተሰመረ ጨፌ ደግሞ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ባዶ ቦታ በሚያድግ ከተማ ውስጥ ምን ዕድል እንደሚጠብቀው ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ጽሑፉ በመጨረሻ የሚመክረው የጸዳ መጸዳጃ እንዲኖር፣ ቆሻሻ በአግባቡ እንዲወገድ፣ የወንዝ ዳርቻ እንዲጠበቅ፣ የመሬት አጠቃቀም እንዲስተካከልና ሕዝቡ እንዲነቃ ነው። አምስቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን «ያስፈልጋል» የሚለው ቃል ባለቤት የለውም። ማን ይጀምር? ከአምስቱ የቱ ይቅደም? ገንዘብ ያነሰው ማዘጋጃ ቤት አምስት ምክር በአንድ ጊዜ ሲቀበል አንዱንም ሳይጀምር ሊቀር ይችላል። ከነዚህ ሁሉ ዋጋው ትንሽ የሆነውና ቢዘገይ የማይመለሰው ወሰን መስመሩ ነው። የፍሳሽ መስመር ከአሥር ዓመት በኋላ ሊዘረጋ ይችላል፤ ቤት የተሠራበት ጨፌ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ አይመለስም።

4. ለወባ ክርክር ያልተሰጠ መልስ

ረግረግ ይደፈን የሚሉ ሰዎች ከሚያቀርቡት ምክንያት ዋናው ወባ ነው። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም፤ ልጁ በወባ የተያዘበት አባት ስለ ውሃ እንስሳት ቢነግሩት አይሰማም። የሚያስገርመው ግን ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆኑት ሰይድ ጥቁ መረታ ከሌሎች ጋር ሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ስለ ወባ ትንኝ መራቢያዎች ባወጡት ሌላ ጥናት መልሱን በከፊል አግኝተውት ነበር። በዚያ ጥናት የወባ ትንኝ እጭ በብዛት የሚገኘው በትናንሽና ጊዜያዊ ኩሬዎች ነው፤ በቋሚው ውሃ ውስጥ እጩን የሚበሉና ምግቡን የሚሻሙ ሌሎች እንስሳት ስለሚኖሩ እንደ ልቡ አይራባም። እንግዲህ ሸክላ አፈር ወጥቶበት የተተወ ጉድጓድና የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ዳርቻ ካልተነካው ጨፌ ይልቅ ለትንኝ የተመቹ ናቸው ማለት ነው። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ተነበው ለሕዝብ ቢነገሩ ኖሮ የደፋኙን ክርክር ከሥሩ የሚነቅል መልስ ይሆኑ ነበር። ተለያይተው በመቅረታቸው አንዱ የሐኪም፣ ሌላው የውሃ ተመራማሪ ንባብ ሆነዋል።

5. ከሰቃ በኩል ሲታይ

ሰቃ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። የሰቃም ውሃ፣ የጅማም ውሃ ተፋሰሱ አንድ፣ መጨረሻውም ግልገል ጊቤ ነው። በዚህ አገር እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ ልጣጩና በፍሬው ላይ ያለው ጣፋጭ ሙጫ ወደ ወንዝ ከገባ እየፈላ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። አለማየሁ ሐዲስና ራኒ ዴቪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008፣ አበበ በየነና ባልደረቦቻቸውም በ2012 ባወጧቸው ጥናቶች የቡና እጣቢ በወንዞች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አሳይተዋል።

የዚህ ጉዳት ክፋቱ በጊዜው ላይ ነው። ቡና የሚታጠበው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ ማለትም ዝናቡ ቆሞ ወንዙ እየቀነሰ በሚሄድበት ወራት ነው። ብዙ እጣቢ በጥቂት ውሃ ላይ ይወርዳል። በሐምሌ ወንዝ ዳር የቆመ መርማሪና በኅዳር የቆመ መርማሪ አንድ ወንዝ አያዩም። የምንመረምረው ጽሑፍ ከተማን በርእሱ ላይ ስላዋለ አንባቢው ጥፋቱ ሁሉ ከከተማ ብቻ የመጣ ሊመስለው ይችላል። ውሃ ግን የማዘጋጃ ቤት ክልል አያውቅም። በሰቃ የሚታጠበው ቡናና በጅማ የሚደፋው እጣቢ በአንድ መዝገብ ካልተቆጠሩ ሁለቱ ከተሞች ጥፋቱን አንዱ ወደ ሌላው ሲገፉት ይኖራሉ።

6. ስሙና ሰዎቹ

በርእሱ ላይ ሌላም ጉድለት አለ። ርእሱ በፍጥነት የምታድግ አንዲት የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ይላል እንጂ ጅማ አይልም። ይህ ለውጭ አገር አንባቢ ሊስማማ ይችላል፤ ስለ ከተማው የተጻፈውን ለሚፈልግ የጅማ ሠራተኛ ግን በሩን እንደ መዝጋት ነው። ጽሑፉም የወጣው በእንግሊዝኛ ነው።

የአገሩ ሰው ግን ለዚህ መሬት የቆየ ስም አለው፤ ጨፌ ይለዋል። ቤት የሚከደንበት ሣር ከዚያ ይታጨዳል፤ ቡና ሲፈላና በዓል ሲሆን የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ከዚያ ይመጣል። ጨፌ በገዳ ሥርዓት ሸንጎ የሚቀመጡበት ለምለም መስክም ስለ ነበረ ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የሕዝብ ሸንጎ ስሙን የወሰደበት መሬት በከተማ ፕላን ላይ ስም አጥቶ ቢቀር ነገሩ ያሳዝናል።

አጫጁን፣ ከብት አሰማሪውንና ቄጤማ ሻጯን የሚያካትት ጥናት ሊሠራ እንደሚችል ከጎረቤት አገር ማስረጃ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1997 እስከ 2000 በኢሉባቦር በተካሄደው የረግረግ ምርምር ገበሬው ራሱ ተጠይቋል። ጨፌው በሙሉ ከተጠነፈፈ መሬቱ እንደሚደክም፣ በራስጌው ላይ ሣሩ ሳይነካ ቢተው ግን ውሃ እንደሚያቆይ ገበሬዎቹ ያውቁታል፤ አባ ለጋ የሚባለውም የውሃ አባት የሥራውን ጊዜና ደንብ ያስተባብር እንደ ነበረ ተጽፏል። ያ ጥናት ስለ ገጠር ነው፤ ነገር ግን ጠባቂው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለከተማም ያው ነው።

7. የሌሎች ከተሞች ትምህርትና መደምደሚያ

በካምፓላ ናኪቩቦ የተባለው ረግረግ የከተማውን እጣቢ አጣርቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያሳልፋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የወጣ ጥናት ይህ አገልግሎት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚገመት አሳየ። ዋጋው ከታወቀ በኋላም የረግረጉ መወረር አልቆመም። በሕንድ በካልካታ ምሥራቅ ያሉት ረግረጎች ግን እንደዚሁ በ1992 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተጠብቀው፣ በ2002 12,500 ሄክታር ያህሉ በራምሳር ስምምነት መዝገብ ገብተው፣ በ2006 የራሳቸው ሕግ ወጣላቸው። በዚያም ችግሩ ሁሉ አልቋል አንልም፤ ነገር ግን ጠበቃና ዳኛ ሊከራከሩበት የሚችሉት በካርታ ላይ የሰፈረ ወሰን አላቸው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የሚያጣድፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት የወንዝ ዳርቻዎችን ከቆሻሻ እያጸዳና እያስዋበ ነው፤ ይህ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም በድንጋይ የታነጸ ዳርቻ ለመንሸራሸር ያመቻል እንጂ ቄጤማው የሚያጣራውን አያጣራም። ማስዋብና መጠበቅ አንድ አለመሆናቸውን ቀያሹም ሹሙም አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። የጨፌው ዳር በነሐሴና በየካቲት ሁለት ጊዜ በእግር ይዞር፤ የነሐሴው መስመር ወሰን ሆኖ ምልክት ይተከልበት፤ በፕላኑ ላይ በስሙ ይጻፍ። የሚጠቀሙበት ሰዎች ይመዝገቡ። ውጤቱ በኦሮምኛና በአማርኛ በየቀበሌው ይነበብ። በመኸር ወራት የሰቃና የሌሎቹ የቡና ከተሞች ውሃ አብሮ ይለካ። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ገመድ፣ ችካልና ትዕግሥት ይበቃሉ። የእርሻና የጤና ትምህርት ቤቶች በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው የቆሙበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከቀያሾችና ከአጫጆች ጋር ሆነው በአንድ ዓመት ሊፈጽሙት ይችላሉ።

የ2016ቱ ጥናት ውሃው እንደ ታመመ በማያጠራጥር መንገድ አስረድቷል። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥናት ጨፌው የት ድረስ እንደሆነ ካልነገረን ግን ሌላ 53 ነጥብ ቢጨምር የሚለካው ውሃ እያነሰ ይሄዳል።