ከጥግ እስከ ጥግ

የበር ሠሪ ሙያ የሚለካው በስቱኮው ነው። ስቱኮ ያበዛ፣ ብየዳውን ራሱ አላመነውም። የተበሳውን፣ ሳይያዝ የቀረውን፣ የተንጋደደውን ሁሉ ደፍኖ ቀለም ይቀባበትና ያስረክባል። ደንበኛው ጉዱን የሚያየው ከሁለት ክረምት በኋላ፣ ዝገቱ ከሥር አብጦ ሲወጣ ነው።

ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር ያዘዝኩትን በር ገና ቀለም ሳይነካው ደረስኩበት። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን መጋጠሚያ አየሁ፤ ማንም የማያየው ቦታ ነዋ። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቶ፣ ስፋቱን ሳይለቅ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። በጣቴ ዳሰስኩት፤ የሚቧጥጥ ነገር የለውም።

«ማን በየደው?» አልኩ። ባለቤቱ በአገጫቸው ወደ አንድ ልጅ ጠቆሙኝ። ከዓመት በፊት የሰው ስልክ ነጥቆ ተይዞ እንደነበር፣ እናቱና የዕድሩ ሰዎች ሲለምኗቸው «እኔ ጋ ይዋል» እንዳሉ ነገሩኝ። ሌላም ነግረውኛል፤ እሱ ግን የልጁ ነው፣ አልጽፈውም።

ሥራውን ቆሜ አየሁ። ቱቦላሬ ስስ ነው። እሳቱ ከበዛ ይበሳል፤ ካነሰ ብየዳው ላዩ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል እንጂ አይነክስም። ልጁ ኤሌክትሮዱን እንደ ክብሪት ጫር አድርጎ እሳቱን ያስነሳና አራቱን ጥግ መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ብቻ ያስይዛል። ከዚያ ሜትር ያወጣል። ከላይኛው ቀኝ ጥግ እስከ ታችኛው ግራ ይለካል፤ ቀጥሎ ሌላውን ሰያፍ። ሁለቱ እኩል ካልመጡ በመዶሻ ጠጋ አድርጎ እንደገና ይለካል። ስኳድራ አለው፤ ስኳድራ ግን አንድ ጥግ ብቻ ነው የሚያየው። ሲበይድም አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ አይሄድም፤ ትንሽ እዚህ፣ ተሻግሮ ትንሽ እዚያ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ በአንድ ወገን ብቻ የተቃጠለ ፍሬም ወደዚያው ይጣመማል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስለ ወጣት ጥፋተኞች የጻፈውን ሳነብ የማየው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። መሠረቱን የጣለው ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። (አዲሱ ሕግ ከስሙ ላይ «መቅጫ» የምትለዋን ጥሏል፤ ደግ አደረገ።) ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለ ልጅ ሲቀርብ ግን ዳኛው ድርጊቱን ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ ወላጆቹንና ትምህርት ቤቱን ጠርቶ ስለ አኗኗሩ መጠየቅ ይችላል። ሌላውን ሰያፍ መለካት ማለት ይኸው ነው። ከዚያ እሳቱን ይመጥናል፦ ተግሣጽ፣ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ለሚቀበል ዘመድ ወይም ታማኝ ሰው አደራ መስጠት፣ ሲብስ ወደ ማረሚያ ተቋም መላክ። አንቀጽ 161ን እንደዚያ የበሩ መጋጠሚያ ደጋግሜ አየዋለሁ። ጥፋቱ ቀላል ከሆነና ልጁ የሚታረም ከመሰለ፣ በትርፍ ሰዓቱና በዕረፍት ቀኑ ትምህርት ቤቱ ወይም ቤቱ ሆኖ ለዕድሜው የሚመጥን አንድ ሥራ እንዲሠራ ያዛል። ትምህርቱ አይቋረጥ፣ አልጋው አይቀየር፤ የሚወሰድበት የጨዋታው ሰዓት ብቻ ነው። በእነዚህ እርምጃዎች ያለፈ ልጅ በወንጀል እንደተቀጣም አይቆጠርም።

ነገሩን ሰፈር ድረስ ለማውረድ አዲስ አበባ ቀድማ ሞክራለች። ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ ይባል የነበረው ድርጅት በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከፖሊስ ጋር ሆኖ በጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎችን አስጀመረ። በኋላም ቀላል ጥፋት ያጠፉ ልጆች ከቤታቸው እየተመላለሱ የሚውሉባቸው፣ የሰፈር በጎ ፈቃደኞች የሚከታተሏቸው የማኅበረሰብ ማረሚያ ማዕከላት ተከተሉ። ለልጆች ተብሎ የቆመው የልደታው የጸባይ ማረሚያ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ነበር።

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከኦሮሚያ በኩል ናቸው፤ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር። ወደ አምቦ፣ ወደ ጅማና ወደ ጎጃም የሚወጡት መንገዶች በመሃላቸው ያልፋሉ፤ መንገዱ ዳር በያጅ፣ አናጺና ጎሚስታ ሞልቷል። ልጅ የሚያውል ሰው እዚህ አይጠፋም። የሚጠፋው ወጪውን የሚያስብለት ነው። ሕጉ አደራ ተቀባዩን ያስፈርመዋል፤ ለተቃጠለው ኤሌክትሮድና ለተበሳው ቱቦላሬ ግን ሳንቲም አይከፍልም።

«የመጀመሪያውን ወር ቁርጥራጭ ላይ ነው ያለማመድኩት፣» አሉኝ ባለቤቱ። «ቁርጥራጩን ሸጬ ነበር ምሳ የምበላ።»

በሩን ሊገጥም ቤቴ የመጣው ልጁ ራሱ ነው። አቆመው፣ ገፋ አደረገው፤ ከላይ በስተቀኝ አልገባ አለ። «ልክ ተሳስተሃል እንዴ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ሜትሩን አውጥቶ የግድግዳውን ክፍት ከጥግ እስከ ጥግ ለካ፤ ተሻግሮ ሌላውንም ለካ። የ2 ሳንቲሜትር ልዩነት።

«በሩ ልክ ነው ጋሼ፣» አለኝ፤ «የተንጋደደው ግድግዳው ነው።»