የጥንቱ መጽሐፍና የዛሬው መንግሥት፦ ሕንድን በሂንዱ ጥንታዊ አስተሳሰብ ስለሚያነብቡ ጽሑፎች

ስለ ሕንድ መንግሥት በሚጻፉ ሥራዎች ውስጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ የአነባበብ ስልት ሥር ሰድዷል። ይኸውም የዛሬዋ ሕንድ የምታደርገውን ሁሉ፣ ከቻይና ጋር ካላት የድንበር ጠብ ጀምሮ ከሩሲያ እስከምትገዛው ነዳጅ ድረስ፣ በጥንት ዘመን በሳንስክሪት ከተጻፉ መጻሕፍት እየቀዱ መተርጎም ነው። በዚህ ስልት የሚሠሩት የውጭ አገር ምሁራን ብቻ አይደሉም። የሕንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዶክተር ሱብራማንያም ጃይሻንካር በ2020 ባሳተሙት «የሕንድ መንገድ» በተባለው መጽሐፋቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለማሃባራታ ሰጥተው፣ የዘመናችንን የኃያላን ፉክክር በዚያ ታላቅ የጦርነት ድርሳን ያነብባሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ አነባበብ ነው። (ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በደብረ ኤልያስ ለሚያስተምር ሰው የዴልሂ ጉዳይ ምኑ ነው የሚል ቢኖር መልሳችን ቅርብ ነው። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከቀሰሙባቸው የጎጃም አድባራት አንዷ ናት፤ እኒሁ ሰው በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ፣ ከዚያም በለንደን አምባሳደር ሆነዋል። እንግዲህ አንድ የውጭ ተመልካች፣ ሐዲስ በኒው ዮርክ የተናገሩትን ሁሉ በሰምና ወርቅ ካልፈታሁ ቢል ምን እንለዋለን? ነገሩ ባዶ ግምት አይደለም። ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመውን መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ የኢትዮጵያን ፖለቲካ በዚያ ቃል የሚፈታ ጸሐፊ በርክቷል። የሚኒስትሩ ዝምታ ቅኔ፣ የውሉ አንቀጽ ቅኔ፣ የድርድሩ መጓተት ቅኔ ሆኗል። ቅኔ በእውነት የሚፈታው ግን የተባለበት ቀንና የተባለለት ሰው ሲታወቅ ነው። በእኛም ዘንድ የተፍሲር ደረሳ የአንቀጹን የመውረድ ሰበብ ሳያጠና ፍቺ እንዲሰጥ ሸይኹ አይፈቅዱለትም።

እኛ ሙስሊሞች ደግሞ በጥንት ነገር መነበብ ምን እንደሚመስል ከሌላው ይልቅ እናውቀዋለን። ሐጋይ ኤርሊኽ ስለ ኢትዮጵያና ስለ መካከለኛው ምሥራቅ በ1994 ባወጣው መጽሐፍ የግንኙነቱን ታሪክ ከሁሉ በላይ በሁለት ትውስታዎች ላይ ያቆመዋል፤ አንዱ ነጃሺ ሰሓቦችን የተቀበለበት፣ ሌላው የኢማም አሕመድ ዘመቻ ነው። መጽሐፉ ብዙ ያስተምራል፤ መካድ አይገባም። ነገር ግን አንድ የጎጃም ሸማኔ ወይም ነጋዴ ዛሬ ለሚያነሣው የመቃብር ቦታ ጥያቄ መልሱ ከ1529ኙ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሲፈለግለት፣ የዚያ ዓይነቱ አነባበብ ጫና በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ይታያል። ይህን በራሳችን ላይ የማንወድደውን መለኪያ በሕንድ ላይ ስናነሣ ጠንቀቅ ማለት ይገባናል።

በዚህ አነባበብ ከሚጠቀሱት መጻሕፍት ሁሉ በፖለቲካ ረገድ ዋናው አርታሻስትራ ነው። ትውፊት መጽሐፉን ለንጉሥ ቻንድራጉፕታ አማካሪ ለካውቲሊያ ይሰጠዋል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ግን አሁን ያለው ቅጂ ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት እንደ ተደራጀ ይናገራሉ። ዝነኛው ትምህርቱ «ማንዳላ» የሚባለው የነገሥታት ክበብ ነው፤ ድንበርተኛ ጠላት ነው፣ የጠላት ድንበርተኛ ደግሞ ወዳጅ ነው። ከዚህ ተነሥተው ሕንድ ፓኪስታንን የምትጠላው፣ ከፓኪስታን ማዶ ያለችውን አፍጋኒስታንን የምትወድደው በካውቲሊያ ትምህርት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

በዚህ አባባል ላይ ሁለት ተቃውሞ አለን። አንደኛው፣ መጽሐፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ከእጅ ጠፍቶ ነበር። ሻማሻስትሪ የተባሉት ሊቅ የብራናውን ቅጂ በማይሶር ያገኙት በ1905 ነው፤ የታተመውም በ1909 ነው። የካውቲሊያ ስም በትውፊትና በተረት መቆየቱ እውነት ነው። ሆኖም ማንም ያላነበበው ጽሑፍ የአንድን ሕዝብ የመንግሥት ጠባይ ያለማቋረጥ ቀርጾታል ማለት፣ የማይታይ ውርስን በማስረጃ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ደጅ ይነሣል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ በስተ ደቡብ ባለው አገር ግብርና ንግድ ተፎካክረው በ1882 እምባቦ ላይ ተዋግተዋል፤ ተክለ ሃይማኖትም ተማርከዋል። ድንበርተኛ ጠላት ነው የሚለው ቃል በዚህ ተፈጸመ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ግን እነዚሁ ሁለት ድንበርተኞች በዐፄ ዮሐንስ ላይ ተስማሙ፤ ዐፄውም ጎጃምን በጦር አጠፉት፤ አገሩም ፍዳውን ቀመሰ። ይህን ሁሉ በማንዳላ መተርጎም ይቻላል። አርታሻስትራ ለንጉሥ ስድስት መላ ይሰጣልና፤ ሰላም፣ ጦርነት፣ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ መዝመት፣ በብርቱ መጠጋት፣ ከአንዱ እየታረቁ ሌላውን መውጋት። ከእነዚህ ከስድስቱ የሚወጣ የንጉሥ ሥራ ምን አለ? ተክለ ሃይማኖት ሳንስክሪት አልተማሩም። ሁሉን የሚፈታ ቁልፍ የየትኛው በር እንደሆነ አይታወቅም፤ የማንዳላው ንድፍ በጎጃምም በዴልሂም ከገጠመ፣ ስለ ሂንዱ አስተሳሰብ የሚነግረን ነገር የለም፤ የሚነግረን ስለ ድንበር ነው።

ከአርታሻስትራ ይልቅ በአደባባይ የሚሰማው ሌላ ቃል ነው። ሕንድ በ2023 የቡድን ሃያ አገሮችን ጉባኤ ስትመራ መፈክሯን ያደረገችው «ቫሱዳይቫ ኩቱምባካም» የሚለውን ሐረግ ነው፤ ምድር ሁሉ ቤተ ሰብ ናት እንደ ማለት ነው። በዚሁ ጉባኤ የአፍሪካ ኅብረት ቋሚ አባል ሆኖ ስለ ተቀበለ ቃሉ በአዲስ አበባም በደስታ ተሰምቷል። ሐረጉ በማሃ ኡፓኒሻድ ይገኛል፤ በዚያም ከፍቅረ ንዋይና ከወገንተኝነት የተላቀቀ ባሕታዊ ጠባይ ሆኖ ይነገራል። ነገር ግን ያው ሐረግ በሌላ መጽሐፍም አለ። ሂቶፓዴሻ የተባለው፣ እኛ በዐረብኛ ከሊላ ወዲምና የምንለው ኪታብ ምንጭ የሆነው የፓንቻታንትራ ታናሽ ዘመድ፣ ይህን ቃል በቀበሮ አፍ ያስቀምጠዋል። ቀበሮው የሰባ አጋዘን አይቶ ወዳጅ ልሁንህ ይለዋል። የአጋዘኑ ወዳጅ ቁራ፣ ጠባዩን ያላወቁትን እንግዳ ማመን አይገባም ብሎ ይመክራል። ያን ጊዜ ቀበሮው፣ ይህ ወገን ያ ባዕድ ማለት የጠባብ ልብ ነገር ነው፣ ለሰፊ ልብ ምድር ሁሉ ቤተ ሰብ ናት ብሎ ይመልሳል። ኋላም አጋዘኑን ወደ ወጥመድ የሚመራው እርሱ ነው። በፓንቻታንትራ ደግሞ ይህን የሚናገረው የሞተ አንበሳ በጥበባቸው ከሚያስነሡት፣ አንበሳውም ከሚበላቸው የዋሃን ሊቃውንት አንዱ ነው።

ይህን ስንል መፈክሩ የቀበሮ ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ማለት የተቃወምነውን ስልት መልሶ መሥራት ይሆናል። የምንለው፣ የጥንቱ አስተሳሰብ በገዛ መጻሕፍቱ ውስጥ ከራሱ ጋር ይከራከር ነበር ነው። ባሕታዊው ያከበረውን ቃል ተረተኛው ይፈትነዋል። «የሂንዱ አስተሳሰብ እንዲህ ይላል» የሚል ጸሐፊ ይህን ክርክር ዘግቶ አንዱን ወገን ብቻ ይዞ ይወጣል።

የሚወጣው ወገን የትኛው እንደሆነ ለማየት ወደ ጃይሻንካር መጽሐፍ እንመለስ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የአዋድን መንግሥት ይጠቅሳል፤ በሳትያጂት ራይ ፊልም እንደሚታየው፣ እንግሊዞች መንግሥታቸውን ሲወስዱባቸው ሁለት ሙስሊም መኳንንት ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። ከዚያ በኋላ የብልሃት ትምህርት ቤት ሆኖ የሚቀርበው ማሃባራታ ነው። ጸሐፊው ሆን ብለው አደረጉት አንልም፤ በመጽሐፉ አሠራር ግን ለሙስሊሞቹ ቤተ መንግሥታት የደረሳቸው ድርሻ የመንፈዝ ምሳሌነት ነው። እነሆ የጎደለው፦ ማሃባራታን ወደ ፋርስኛ ያስተረጎመው በ1580ዎቹ ንጉሠ ነገሥት አክበር ነው። ራዝምናማ፣ የጦርነት መጽሐፍ፣ ተባለ፤ መቅድሙን አቡል ፈድል ጻፈ፤ የሳንስክሪት ሊቃውንትና የፋርስኛ ጸሐፍት በአንድ ጉባኤ ተቀመጡ። ማሃባራታን የመንግሥት መማሪያ አድርጎ ማንበብ ራሱ የሙስሊም ቤተ መንግሥት ታሪክም ነው።

ከሐበሻ ምድር የሄደውም ሰው ሊነሣ ይገባል። ማሊክ አምበር በልጅነቱ ተሸጦ፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት አልፎ ደቡብ ሕንድ የደረሰ ኢትዮጵያዊ ነው። ከ1600 አንሥቶ እስከ ሞተበት 1626 ድረስ የአሕመድናጋር እንደራሴ ሆኖ ከሙጋሎች ጦር ጋር ታገለ። ጠላቶቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከፈረሰኞቹ ብዙዎቹ ሂንዱ ማራታዎች፣ ከአዛዦቹም አንዱ የኋለኛው የሺቫጂ አባት ሻሃጂ ነበር። ጎረቤቱ ቢጃፑር አንዴ ተባባሪው፣ አንዴ ወጊው ሆኗል። የቆረቆራት ከተማ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ በ2023 ደግሞ በሺቫጂ ልጅ ስም ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለች። የከተማዋን ታሪክ በስሟ ብቻ ለሚያነብብ ሐበሻው ሁለት ጊዜ ተሠውሯል።

የዛሬውን የሕንድና የኢትዮጵያ ግንኙነት ስናይ የጥንቱ መጽሐፍ ጥቅሙ ይበልጥ ይቀንሳል። ሕንዳውያን መምህራን በክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ፊዚክስ ሲያስተምሩ፣ የሐረር ጦር አካዳሚም በ1950ዎቹ መጨረሻ በሕንድ መኮንኖች ሲቋቋም፣ ምክንያቱ ከቅኝ አገዛዝ የወጣች አገር ወዳጅ መሻቷና የእኛ የባለሙያ እጥረት ነበር። ከዓባይ ማዶ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከወንጂና ከተንዳሆ ጋር ድርሻ ያገኘበት የ640 ሚሊዮን ዶላር የሕንድ ብድርም የሚነበበው በወለዱ፣ በመክፈያ ዘመኑና ዕቃው በአብዛኛው ከሕንድ እንዲገዛ በሚያስገድደው ውል ነው። የሂንዱ ብሔርተኛ ፓርቲ ሥልጣን በያዘበት ዘመን የዴልሂና የባሕረ ሰላጤው ዐረቦች ወዳጅነት መጥበቁን፣ በ2024 በአቡ ዳቢ ታላቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ መከፈቱንም ማንዳላ አይፈታውም፤ ነዳጅና በዚያ የሚሠሩት ሚሊዮኖች ሕንዳውያን ይፈቱታል።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን እንምጣ፤ ይህ ክፍል ለኢማሞች ይበልጥ የሚነካ ነውና። የባብሪ መስጊድ በ1992 መፍረሱ፣ በቦታው የተሠራው ቤተ መቅደስ በ2024 መመረቁ፣ የ2019ኙ የዜግነት ሕግ ከጎረቤት አገሮች ለሚሰደዱ የስድስት ሃይማኖት ሰዎች በር ከፍቶ ሙስሊሙን መተዉ በመስጊዶቻችን ሲነገር እንሰማለን። መነገሩ ተገቢ ነው። የሚያሳስበን ማብራሪያው ነው፤ «ጥንተ ሃይማኖታቸው እንዲህ ያዛቸዋል» የሚለው። ይህ የጃይሻንካር አነባበብ ግልባጭ ነው፤ አንዱ ለማወደስ፣ ሌላው ለመውቀስ ያው ቁልፍ ነው። ሙስሊሙን ከአገር ባለቤትነት የሚያወጣው ትምህርት ግን የልደት ቀን አለው። ቪናያክ ሳቫርካር በ1923 «ሂንዱትቫ» በተባለው ጽሑፉ፣ ሕንድ የአባቱ አገርም የተቀደሰች ምድሩም የሆነችለት ብቻ ሂንዱ ነው ብሎ ደነገገ፤ ራሱም ሂንዱትቫ ከሂንዱ ሃይማኖት የተለየ ነገር መሆኑን ጽፏል። ይህ የሃያኛው መቶ ዓመት ብሔርተኝነት ነው። ኢማሙ በሚንበሩ ላይ ቆሞ ይህን የቬዳ ትእዛዝ ቢለው፣ ብሔርተኛው ከሁሉ አብልጦ የሚሻውን፣ የጥንቱ ውርስ ብቸኛ ወራሽነትን፣ በነጻ ይሰጠዋል። በ2011 ቆጠራ 172 ሚሊዮን የነበሩት የሕንድ ሙስሊሞች የሚሟገቱት በ1950ው ሕገ መንግሥት ላይ ቆመው ነው፤ ብዙ ሂንዱዎችም አብረዋቸው ቆመዋል። የእኛ ማብራሪያ እነዚያን ሂንዱዎች ከሃይማኖታቸው ያፈነገጡ ያደርጋቸዋል፤ ይህ ደግሞ የከሳሾቻቸው ቃል ነው።

የሚሻል አርአያ ከቤታችን አለን። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በ1030 ገደማ ስለ ሕንድ ታላቁን ኪታብ ሲጽፍ ሳንስክሪት ተምሮ፣ ከሊቃውንቱ ጠይቆ፣ መጽሐፉ የሙግት መጽሐፍ እንዳልሆነና የሂንዱዎቹን ቃል እንዳለ እንደሚያቀርብ በመቅድሙ አስታውቋል። የሊቃውንቱን እምነት ከተራው ሕዝብ እምነት ለይቶ ይመዘግባል። የጌታውን የማሕሙድን ዘመቻ ጉዳትም አይሸሽግም፤ በሂንዱዎቹ ልብ ለተተከለው ጥላቻ አንዱ ምክንያት ያ እንደሆነ ይናገራል። ከጦሩ ጋር የሄደ ሊቅ ይህን መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችን የሕንድ አስተሳሰብ ጥናት መጀመር ያለበት ከየት እንደሆነም አንድ ሐሳብ አለን። የቡድሃ የሕይወት ታሪክ በዐረብኛ ቢለውሀር ወቡዛሰፍ ተብሎ፣ በክርስቲያኖች እጅ ተለውጦ፣ በ1553 በእጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል፤ በረላምና ይዋስፍ ይባላል። ዕንባቆም ከየመን የመጡ ሰው ነበሩ። የግዕዙን ጽሑፍ ዋሊስ በጅ በ1923 አሳትሞታል፤ ሙስሊሞቹ ያነበቡት የዐረብኛው ቅጂም ታትሟል። የሁለቱን ንባብ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የሕንዱ ልዑል በየትኛው ቋንቋ ምን እንደ ተጨመረለትና ምን እንደ ተቀነሰበት የሚመረምር ሥራ ግዕዝ የሚያውቅ አንድ የቅኔ ሰውና ዐረብኛ የሚያውቅ አንድ ሸይኽ ይፈልጋል። ሁለቱም በምሥራቅ ጎጃም አሉ።