የሚያስተምር አያስታምም፣ የሚያስታምም አያስተምር

የነርሲንግ ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር የመጻሕፍት እጥረት፣ የተማሪው ብዛትና የማሠልጠኛ ዕቃ አለመሟላት ይጠቀሳሉ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን በድሬዳዋ ሕሙማንን እንደሚያክም ሐኪም ዋናው ችግር ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል፤ የሚያስተምረው አያስታምምም፣ የሚያስታምመው አያስተምርም።

ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ፣ ከዚህ ከተማ ውጭ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ የአንድ ሕመምተኛ የትንፋሽ ቁጥር ለሦስት ቀናት ሳይለወጥ 20 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁ። ሰውየው ግን ያቃስት ነበር፤ ስቆጥር 44 ሆነ። የመዘገበችውን ተማሪ ብጠይቃት፣ «ዶክተር፣ ሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር ዐይቼ አላውቅም» አለችኝ። መምህሯ በዚያች ሰዓት ሌላ ክፍል ያስተምር ነበር፤ የዋርዱ ሲስተር ደግሞ ሕሙማኑን ሁሉ ብቻዋን ይዛለች። ተማሪዋን ለመውቀስ አፌ አልታዘዘኝም።

እንዲህ ያለው የግምት ቁጥር በድሬዳዋ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እናውቃለን። ከተማችን በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አስተናግዳለች። ዴንጊ አታላይ በሽታ ነው። ትኩሳቱ በርዶ ቤተሰብ «ተመስገን» በሚልበት ሰዓት ፈሳሽ ከደም ሥር መውጣት ይጀምራል። በላይኛውና በታችኛው የደም ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 20 ሲጠብ ሕመምተኛው በአደጋ አፋፍ ላይ ነው። ሐኪም በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይጎበኛል፤ ያችን ጥበት በጊዜዋ የምታየው ነርሷ ናት።

ዘመናዊ የነርስ ትምህርት በአገራችን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር ትምህርት ቤቶቹ ከሆስፒታል ጋር የተያያዙ ነበሩ። ተማሪዋን እንደ ርካሽ ጉልበት የመቁጠር አደጋ ቢኖርበትም፣ አስተማሪና ሕመምተኛ በዚያ ሥርዓት ተቀራርበው ይኖሩ ነበር። ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ማደጉ ለሙያው ዕውቀትና ክብር ጨምሮለታል። ነገር ግን አብሮ የመጣ ጉዳት አለ። ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ተመራቂ በማግሥቱ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀጠራል፤ ቀጥሎም ወደ ማስተርስ ይላካል። ሌሊት በኃላፊነት አንድ ዋርድ ሳይጠብቅ ሌሊት ጠባቂዎችን ያስተምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ለነርስ መምህራን ካወጣቸው ስምንት የብቃት ዘርፎች አንዱ የነርስነት ሥራው ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ባለሙያዎች የፈቃድ ፈተናም ሆነ በ2015 ዓ.ም. የመጣው የመውጫ ፈተና ጠቃሚ እርምጃዎች ናቸው። ይሁንና መልስ መምረጥን የሚመዝን ፈተና ትንፋሽ መቁጠርን አያረጋግጥም።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። አንደኛ፣ መምህር የሚሆን ነርስ አስቀድሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት በዋርድ ይሥራ። ሁለተኛ፣ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን የራሱን ሕሙማን ተረክቦ በተማሪዎቹ ፊት ያስታምም። ድሬዳዋ ሰፊ ከተማ አይደለችም፤ ከመማሪያ ክፍል እስከ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል በባጃጅ አጭር መንገድ ነው። ሦስተኛ፣ ተማሪ የምታሠለጥን የዋርድ ነርስ ሥልጠና፣ አበልና የደረጃ ዕድገት ታግኝ፤ በዚያ ቀን የምትይዛቸው ሕሙማንም ይቀነሱላት። «መምህር በጠፋበት ዘመን ይህን ሁሉ መስፈርት?» የሚል ይኖራል። ሦስተኛው ሐሳብ ግን በየዋርዱ ያሉ ልምድ ያላቸውን ነርሶች በመምህርነት ስለሚጨምር እጥረቱን ያቃልላል እንጂ አያባብስም።

እኛ ሐኪሞችም ከወቀሳው አናመልጥም። በጉብኝት ሰዓት ለተለማማጆቻችን ስናስረዳ የነርስ ተማሪዎች ከኋላ ቆመው ይቀራሉ። ነገ ጠዋት አንዷን ወደ አልጋው አስጠግተን፣ ሰዓታችንን አውጥተን፣ ሙሉ ደቂቃ አብረናት ብንቆጥር የሚጠይቀን በጀት የለም።