“ኤዲ ክልክል ነው!”፦ ስለ ቴከን 3 እና ስለ ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼ

የአገር ጉዳይ በሚነሳበት በዚህ ዓምድ ስለ ጌም ልጽፍ መነሳቴ አንዳንዶችን ሳያስገርም አይቀርም። “ትልቅ ሰው ስለ ፕሌይስቴሽን ምን ያወራል?” የሚሉኝ ይኖራሉ። ይበሉ። እኔ ግን ፊልምና መጽሐፍ እንደሚተቹ ሁሉ ይህም ሊተች የሚገባው ሥራ ነው ባይ ነኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጌሙ ቴከን 3 ነው። የጃፓኑ ናምኮ በ1997 በሳንቲም ለሚሠሩ የመጫወቻ ማሽኖች፣ በ1998 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን አወጣው። እኛ ግን እስከ 2006 ድረስ አልተላቀቅነውም። ፕሌይስቴሽን 2 የአሮጌውን ሲዲ ስለሚያጫውት፣ አርሊንግተን ኮሎምቢያ ፓይክ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ፣ ከታክሲና ከፓርኪንግ ሥራ የወጣን ስድስት ሰዎች በየቅዳሜው እንሰበሰብ ነበር። ጆይስቲኩ ሁለት፣ ሕጉ አንድ፦ ተሸናፊ ይነሳል።

ለመሆኑ ይህን ያህል ምን ነበረው? ከእሱ በፊት ዓለምን ያዳረሰው ስትሪት ፋይተር 2 ቡጢና ርግጫን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ በስድስት ቁልፍ የከፈለ ነበር። ቴከን ግን አራት ቁልፍ ብቻ ሰጠን፦ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ እጅ፣ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ እግር። በቃ! ጆይስቲክ ነክቶ የማያውቅ እንግዳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው መምታት ይችላል። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ደግሞ የጃጓር ጭምብል ያጠለቀው ኪንግ አለለት፤ አንዱን አያያዝ ከሌላው እየቀጠለ ሲጥል ጣት ያማል። ብሩስ ሊን በቪዲዮ ቤት አይተን ላደግን ሎው አለ፤ እሱን የመረጠ ሁሉ ያለ ጩኸት አይጫወትም ነበር።

እንከን የለውም አልልም። ብቻዬን በተጫወትኩት ቀን ሁሉ ሰልችቶኛል። መጨረሻ ላይ እሳት የሚተፋው ኦገር ይመጣል፣ ይወድቃል፣ አጭር ቪዲዮ ታያለህ፣ አለቀ። ጌሙን ሙሉ የሚያደርገው አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው ሊመታ ሲል ትንፋሹን እንደሚይዝ፣ ሲፈራ ወደ ኋላ እንደሚሸሽ፣ ሲናደድ ሁልጊዜ በቀኝ እግሩ እንደሚጀምር በሦስት ወር ታውቃለህ።

አሁን ወደ ኤዲ ልምጣ። ኤዲ ጎርዶ ብራዚላዊ ነው፤ እንቅስቃሴው ከካፖይራ መምህሩ ከማርሴሎ ፔሬራ የተቀረጸ ነው። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ሁለቱን የእግር ቁልፎች ዝም ብለህ ብትደበድባቸው እንኳ እየተሽከረከረ ይራገጣል። አንድ ቅዳሜ የጓደኛችን ታናሽ እህት፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ወር ያልሞላት ልጅ፣ ኤዲን መርጣ አምስታችንን በተራ አስነሳችን። እኔን ስትጥለኝ “ጋሼ፣ ተራዎ አልቋል፣ ይነሱ” አለችኝ። ስድስተኛው፣ ወንድሟ፣ ገና ሳይጫወት “ኤዲ ክልክል ነው!” ብሎ አወጀ። እኛም እጃችንን አወጣን።

ዛሬ ሳስበው ያ ውሳኔ ነውር ነበር። መድኃኒቱ ጌሙ ውስጥ ነበረና፦ ዝቅ ብሎ መከላከል፣ ሽክርክሩ እስኪያበቃ መታገስ፣ ከዚያ መምታት። ይህን መማር ሁለት ሳምንት አይፈጅም ነበር። እኛ ግን ከመማር መከልከልን መረጥን፤ ልጅቷም ሁለተኛ አልተጫወተችም።

በ2019 የላሆሩ አርስላን አሽ በቴከን 7 መጀመሪያ በጃፓን፣ ቀጥሎም በላስ ቬጋስ የኢቮን ውድድር ሲያሸንፍ ዓለም ተገረመ። እኔ ብዙም አልገረመኝም። ሰውየው ያደገው በሰፈሩ የመጫወቻ ቤቶች ከጓደኞቹ ጋር እየተጋጠመ ነው፤ አገሬ ውስጥ እንደኔ ያሉ ብዙ አሉ ማለቱም ይታወሳል። እንግዲህ እዚያ አንዱ አስቸጋሪ ሆኖ ሲመጣ ባይከለክሉት ነው።

ከግንቦት 2005ቱ የአገራችን ምርጫ በኋላ ከስድስታችን ሁለቱ ተኳረፉ። ወንድምየውና ሌላው። በአንድ ሠርግ ላይ ጠረጴዛ እስከ መቀየር ደረሱ። ቅዳሜ ግን ሁለቱም ይመጡ ነበር፤ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ መስኮት ሥር ይቀመጣል። በአምስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ተራ ሲደርሳቸው ባለበሩ “ጆይስቲኩን አቀብለኝ” አለ። አቀበለው። ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጋጠሙ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ እኛም ተነሱ የማለት ድፍረት አላገኘንም። ከዚያ በኋላ በሰላምታ ጀመሩ።

ወንድምየው አሁን ዴንቨር ነው። በ2024 ቴከን 8 ሲወጣ በኢንተርኔት መጋጠም ጀመርን። ይሠራል፣ ምንም አይቆራረጥም፤ ትንፋሹን ግን አልሰማም፣ ስለዚህ ያሸንፈኛል። ኤዲ መጀመሪያ ላይ አልነበረበትም፤ በዚያው ዓመት ለብቻው ተሽጦ ተጨመረ። ጓደኛዬ ገዝቶታል።