ጭንብሉና ግንበኛው፦ የዓይን ሆድ የሠዓልያን መንደር ሲታይ

ከሃይፋ በስተ ደቡብ፣ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ያለችው ዓይን ሆድ ሁለት ዓይነት ጎብኚ አላት። አንዱ የጥበብ ገነት ብሎ ያሞግሳታል፤ ሌላው ፍልስጤማውያን በ1948 (እ.ኤ.አ.) የተፈናቀሉባት መንደር ናት ብሎ ይኮንናታል። ኩነኔው እውነት አለው። ውዳሴው ግን ቦታውን ስቷል የሚል እምነት አለኝ። የሚወደሰው በየቤቱ የተሰቀለው ሥዕል ነው፤ ከሁሉ የሚልቀው ሥራ ደግሞ ሥዕሉን የተሸከመው ግድግዳ ነው።

ለዚህ የምጠራው ምስክር መንደሪቱን በ1953 የመሠረታት ማርሴል ያንኮ ራሱ ነው። ቡካሬስት ተወልዶ ዙሪክ የተማረው ይህ ሠዓሊና አርክቴክት በ1916 በዚያው በዙሪክ፣ ካባሬ ቮልቴር በተባለው የምሽት መድረክ፣ ዳዳ በተባለው የጥበብ እንቅስቃሴ ለነበሩ ጓደኞቹ ጭንብል ይሠራ ነበር። በ1919 የሠራውን፣ ከእነዚሁ ጓደኞቹ የአንዱን የትሪስታን ጻራን ጭንብል ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል፤ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ጆንያና ቀለም ነው። መልኩን አላሳመረም፤ ጣለው የሚባለውን ዕቃ አንሥቶ ፊት አደረገው። ሌላው ጓደኛው ሁጎ ባል ስለ 1916ቱ የካባሬው ጭንብሎች በማስታወሻው ያሰፈረው ነገር ከጭንብሎቹ ውበት በላይ ያስደንቀኛል፦ ጭንብሉን ያጠለቀ ሁሉ ወዲያው በጭንብሉ መታዘዝ ጀመረ፤ አለባበሱንም እንቅስቃሴውንም ጭንብሉ መረጠለት። እንግዲህ በያንኮ ጥበብ ለባሹ ብቻውን አይጫወትም፤ ጭንብሉም አብሮ ይጫወታል።

ይህን ሕግ ወደ ቀርሜሎስ እናምጣው። ያንኮ ሊፈርስ የነበረውን መንደር ከመፍረስ አስጥሏል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሠዓልያኑ የገቡባቸው የድንጋይ ቤቶች ግን ባዶ ዕቃ አልነበሩም። ወፍራሙ ግንብ የበጋውን ሙቀት ይመክታል፤ የመስኮቱ አቅጣጫ ብርሃኑን ይመድባል፤ ሸራው የት እንደሚቆም፣ ቅርፃ ቅርፁ የት እንደሚያርፍ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ቅስቱን ልብ ብላችሁ እዩት፦ ጎንና ጎን ያሉት ድንጋዮች ወደ መሀል ተጋድመው ይገፋፋሉ፤ አናት ላይ ያለው ድንጋይ ግፊቱን ይይዛል፤ ክብደቱ ራሱ ማጣበቂያ ይሆናል። ይህን ያወቀ እጅ ጥበበኛ ነው። ቤቱ ነዋሪውን ካዘዘ፣ ግንበኛውም የሥራው ባለቤት ነው።

የመንደሪቱ ስምም የሠሯትን ሰዎች ይናገራል። በዐረብኛ ዓይን ሐውድ፣ የውሃ ዓይንና ገንዳ ማለት ነው፤ በዕብራይስጥ ሐውድ ወደ ሆድ ተለውጦ «ግርማ» ሆነ። ሰው ውሃ የቀዳበት ስም ለዕይታ ወደሚሆን ስም ዞረ። መስጊዱም ምግብ ቤት ሆኗል። ዳዳ በቡርዣው ክብር ላይ ያመፀ እንቅስቃሴ ነበር፤ የተሰደደ ገበሬ ይጸልይበት የነበረውን ቤት መንካት ግን ዐመፅ አይባልም። እዚህ ላይ ያንኮን የምከላከልበት ቃል አጣለሁ።

ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ከሄዱ በኋላም የሸክላ ምስል ለጎብኚ ይሸጣል፤ በመንገዱ ላይ ያለው የዳዊት ኮከብ ግን መንደሩ የማን እንደነበር ይመሰክራል። ልዩነቱም መነገር አለበት፤ ቤተ እስራኤል የሄዱት ሲናፍቋት ወደኖሩት አገር ነው። ከዓይን ሐውድ ከወጡት የአቡ አል ሂጃ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ግን በአቅራቢያው ተራራ ላይ አዲስ መንደር ቀልሰው ሙሉ እውቅና ያገኙት በ2005 ነው።

ያንኮ ከ1983 ጀምሮ በመንደሪቱ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለው፤ ይገባዋልም። ዓይን ሆድን የምትጎበኙ ወገኖቼ፣ ሥዕሉን ካያችሁ በኋላ ግንቡን በእጃችሁ ዳስሱት። ከዚያም ሳትመለሱ ወደ ላይኛው መንደር ውጡ፤ የግንበኞቹ ልጆች እዚያ ናቸው።