ፍርሃት ወይስ ትእዛዝ አክባሪነት? የእንቅስቃሴ ፍርሃት መለኪያ ከአንገት አከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ

የአንገት አከርካሪ ቀዶ ሕክምና በሚገባ ተከናውኖ ሳለ ታካሚው ወደ ሥራው ሳይመለስ የሚቀርበት አጋጣሚ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። ቁስሉ ድኗል፤ ወደ ክንድ ይወርድ የነበረው ሕመም ጠፍቷል፤ ራጁም አጥንቱ መያያዙን ያሳያል። ሰውየው ግን አንገቱን እንደ ሙሉ እንስራ ተጠንቅቆ ይሸከማል። ሙያችን ይህን ሁኔታ ኪኔሲዮፎቢያ፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ፍርሃት ይለዋል። የሚለካበት መጠይቅም አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መጠይቅ፣ በተለይም እኔ ራሴ በድሬዳዋ ስጠቀምበት የታዩኝን ጉድለቶቹን መተቸት ነው።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቁት ኮሪ፣ ሚለርና ቶድ ናቸው። እነርሱ እንደተረጎሙት የእንቅስቃሴ ፍርሃት ማለት ሰው ዳግም እጎዳለሁ ከሚል ስሜት የተነሣ በእንቅስቃሴ ላይ የሚያድርበት ከመጠን ያለፈ፣ ምክንያት የሌለውና አቅም የሚያሳጣ ፍርሃት ነው። ብዙም ሳይቆይ የታምፓ መለኪያ የሚባለው መጠይቅ ተዘጋጀ። አሥራ ሰባት ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ታካሚው ለእያንዳንዱ ከ«ፈጽሞ አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ካሉት አራት ምርጫዎች አንዱን ይሰጣል፤ ድምሩ ከ17 እስከ 68 ይደርሳል። ከ37 በላይ ያገኘ ሰው ከፍተኛ ፍርሃት አለበት የሚለው ወሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ቭላየንና ባልደረቦቹ ሥር በሰደደ የወገብ ሕመም በሚሠቃዩ ሰዎች ላይ ካደረጉት ጥናት የመጣ ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወሰኑ የተገኘው ከወገብ እንጂ ከአንገት፣ ዓመታት ካስቆጠረ ሕመም እንጂ ከትኩስ ቀዶ ሕክምና አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንድ የደቻቱ ነዋሪ ወደ እኔ መጣ። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ልብስ ሰፊ ነው። ከከተማው ርቆ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንት መካከል የነበረው ዲስክ ወጥቶለት፣ አጥንቶቹ በፕሌትና በብሎን ተያይዘውለታል። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆኖታል። ኮላሩ ከአንገቱ አልወረደም፤ ጠርዙ በላብ ጠቁሯል። የስፌት መኪናውን ለወንድሙ ልጅ ትቶለታል። ከቀፊራ ገበያ እስከ ቤቱ በእግሩ ይመላለሳል፤ ባጃጅ መሳፈር ግን እርም ብሏል። መጠይቁን አነበብኩለት፤ 46 አገኘ። እኔም በካርዱ ላይ «ከፍተኛ የእንቅስቃሴ ፍርሃት» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ብዕሬን ሲያይ ቆይቶ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የመውጫ ማዘዣው ነበር። «አንገት እንዳይንቀሳቀስ፤ ዕቃ እንዳይነሣ፤ ኮላር እንዲደረግ» ይላል። እስከ መቼ እንደሆነ አይልም። የቀጠሮው ቀን የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ሳይገኝ አለፈ፤ ሁለተኛ ቀጠሮ አልተሰጠም። «ዶክተር፣» አለኝ፣ «አንተ ፈሪ ብለህ ጻፍክ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው።» (የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይወድ ለማያውቅ አንባቢ፣ በንግግሩ ውስጥ ንቀት አልነበረም።)

መጠይቁን መልሼ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። «ከመጠን ያለፈ» እና «ምክንያት የሌለው» የሚሉት የትርጓሜው ዋና ቃላት በአሥራ ሰባቱ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ቦታ የላቸውም። መጠይቁ የሚለካው ሰውየው እንቅስቃሴ አደገኛ ነው ብሎ ማመኑን ነው እንጂ ያን እምነት ከየት እንዳገኘው አይደለም። እንደ እርሱ ላለ ሕመምተኛ ብዙ መንቀሳቀስ ደኅና አይደለም በሚለው ሐሳብ የሚስማማ ሰው አራት ነጥብ ያገኛል። ሐሳቡን የሰጠው ግን ሐኪሙ ነው! በሌላ አነጋገር፣ ትእዛዝን በሚገባ ያከበረ ታካሚ ከፍተኛውን የሕመም ነጥብ ያገኛል፤ ማዘዣውን የጣለው ደግሞ ጤነኛ ይባላል።

ትእዛዙ ራሱስ ምን ያህል ማስረጃ አለው? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በአንድ ደረጃ ብቻ በፕሌት በተያያዙ አንገቶች ላይ ኮላር ማድረግ የአጥንቱን መያያዝ አላሻሻለውም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2013 በ33 ታካሚዎች ላይ የተደረገ አንድ አነስተኛ የስዊድን ሙከራ፣ ፕሌት ባልገባላቸው ሰዎች ዘንድ ለጥቂት ሳምንታት ኮላር ማድረግ ጥቅም እንዳለው ጠቁሟል። ክርክሩ እልባት አላገኘም። ይሁንና ስምንት ወር አድርጉ የሚል ወገን በሁለቱም በኩል የለም።

የደቻቱ ሰው ስለ ፍርሃት ከእኛ የተሻለ ያውቃል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በላዩ ይሻገራል፤ ዕቃም ይሸጥበታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሌሊት ግን ጎርፉ በድንገት ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ዝናቡ በከተማዋ ላይ ባይጥልም ከደቡብ ካሉት የሐረርጌ ከፍታዎች ውኃው ሊመጣ እንደሚችል ነዋሪው ስለሚያውቅ፣ በክረምት ወደ ተራራው ቀና ብሎ ደመናውን ያያል። በጥር ይሻገራል፣ በሐምሌ ይጠነቀቃል። ይህን ሰው ፎቢያ አለበት የሚል የለም፤ አደጋው ወቅት እንዳለው ያውቃልና። የእኛ የልብስ ሰፊ ግን ለአንገቱ ወቅት አልተነገረውም። የተነገረው ሁልጊዜ ሐምሌ እንደሆነ ነው።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ጥቂት ልበል። ከአሥራ ሰባቱ ዐረፍተ ነገሮች አራቱ ነጥባቸው ተገልብጦ የሚቆጠር ነው። አንዱ፣ በግርድፉ ሲነገር፣ አንድ ነገር ሕመሜን ቢያባብሰውም አደገኛ ነው ማለት አይደለም የሚል መልእክት አለው። ይህን በአማርኛ ለታካሚ ሳነብለት «አይ፣ አደገኛ አይደለም» ብሎ ይመልስልኛል። «አይ» ስላለ «አልስማማም» ልበል? አደገኛ አይደለም ስላለ «እስማማለሁ» ልበል? በዚህች አንዲት «አይ» ብቻ እስከ ሦስት ነጥብ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። በደቻቱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እናቲቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ተናጋሪ ትሆንና ልጇ በቆመበት ያስተረጉማል፤ ስጋት፣ ፍርሃትና ጥንቃቄ በእርሱ አፍ አንድ ቃል ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ የወጣውን ቁጥር ከ37 ጋር ማነጻጸር ሳይንስ መምሰሉ ነው የሚያሳፍረው።

መጠይቁ የማይጠይቀውም አለ። ልብስ ሰፊው ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀው ስፌቱ አልነበረም። ሶላቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ ሲያጠናቅቅ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሮ ማሰላመት ሲገባው በዐይኑ ብቻ ያሰላምታል። ይህን የነገረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እዚህ ላይ የሕክምና ትምህርት ቤት የአናቶሚ ገጽ ከአሥራ ሰባቱ ጥያቄዎች ይልቅ ጠቀመን። አንገት ወደ ጎን ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ የሚከናወነው ከላይ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው አጥንት መካከል ነው። የእርሱ ፕሌት ያለው ከታች ነው። ሞዴል አጥንቱን ይዤ አሳየሁት፤ በጣቱ ነካካው። አሁንም አሁንም «ታዲያ ብሎኑ የት ነው?» ይለኝ ነበር።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ መለኪያው ከንቱ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2016 አርቸርና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ሙከራ የወገብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸውና በዚሁ መለኪያ ከፍተኛ ፍርሃት ከታየባቸው 86 ሰዎች ጋር ተካሂዷል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአብዛኛው በስልክ ለስድስት ሳምንት ያህል ስለ ፍርሃትና ስለ ዕለት ተግባር ያነጋገራቸው፣ ከሌሎቹ ይልቅ ሕመማቸው ቀንሷል። ታካሚው ከቀዶ ሐኪሙ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በሚኖርበት ሀገር ስልክ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲህ መጠይቁ ለውይይት መክፈቻ ሲሆን ይሠራል፤ በካርድ ላይ የሚለጠፍ ስም ሲሆን ግን የእኛን ጉድለት በታካሚው ላይ ይጽፋል። እኔም ቀን የሌላቸው ማዘዣዎች ጽፌ አውቃለሁና ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ አልቀስርም።

ሊፈራ የሚገባውም በግልጽ ይነገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአንገት እብጠትና የትንፋሽ ማጠር፤ ከዚያም ትኩሳትና ከቁስሉ የሚወርድ ፈሳሽ፤ በማናቸውም ጊዜ አዲስ የእጅ ወይም የእግር ድካም፣ መንገዳገድ፣ ሽንት መከልከል፤ እነዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ የሚያስመጡ ናቸው። ከፊት በኩል በተደረገ ቀዶ ሕክምና ለመዋጥ መቸገር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜም እየቀነሰ ይሄዳል። አንገት በወጌሻ እንዲታሽና እንዲጠመዘዝ አለመፍቀድም ኪኔሲዮፎቢያ ሳይሆን ማስተዋል ነው። ከዚህ ዝርዝር ጎን ኮላሩ የሚወልቅበት፣ ስፌት የሚጀመርበት፣ ጀሪካን የሚነሣበት ቀን በቁጥር ሊጻፍ ይገባል።

ለልብስ ሰፊው ራጁን ዳግመኛ አይተን፣ እጅና እግሩን መርምረን፣ ቀን ጻፍንለት። ኮላሩ በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲወልቅ፤ ስፌት በቀን ሃያ ደቂቃ እንዲጀመር፤ ማሰላመት ግን ከዚያው ቀን። በቀን አምስት ጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከዚህ የተሻለ የፊዚዮቴራፒ ፕሮግራም እኔ አላውቅለትም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ፤ ኮላሩን በፌስታል ይዞታል። መጠይቁን ላነብለት ስጀምር ከለከለኝና፣ የሃያ ሊትር ጀሪካን ማንሣት የሚችልበት ቀን ወረቀቱ ላይ እንዳልተጻፈ አሳየኝ። እውነቱን ነበር፤ ረስቼዋለሁ።