የልብስ ስምና የአለባበስ ግሥ

ሕፃናትም ሆኑ የውጭ አገር ሰዎች አማርኛ ሲማሩ አስቀድመው ከሚሰጧቸው ቃላት መካከል የልብስ፣ የጫማና የጌጥ ስሞች ይገኛሉ። ዝርዝሩም ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው፤ በአንድ በኩል የዕቃው ሥዕል፣ በሌላው በኩል ስሙ ሆኖ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሱሪ፣ ባርኔጣ፣ ጫማ፣ ቀለበት እያለ ይወርዳል። ተማሪውም ይህን ከያዘ የልብስን ነገር ዐወቀ ይባላል። እኛ ግን ይህ ዐይነቱ ዝርዝር ገና ግማሽ ሥራ ነው እንላለን። ምክንያቱም አማርኛ ስለ ልብስ ያለውን ሀብት ይልቁንም ያኖረው በስሙ ሳይሆን በግሡ ላይ ነው።

ለዚህ ነገር አስረጅ ይሆነን ዘንድ ወደ ጎንደር እንሻገር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ግድም ከተማቸውን በዚያ ካቀኑ ወዲህ፣ የቤተ መንግሥት ሰው፣ የቤተ ክህነት ሊቅ፣ የአዲስ ዓለም እስላም ነጋዴና ሸማኔ፣ በአካባቢው ይኖር የነበረው ቤተ እስራኤል ባለ እጅ፣ ከደባርቅና ከዳባት ደጋ ለገበያ የሚወርደው ገበሬ ሁሉ በአንድ ስፍራ ተገናኝተዋል። ባለጥምጥሙ ካህን፣ ደበሎ የለበሰው የቆሎ ተማሪና ጋቢውን የደረበው ባላገር በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። በእንዲህ ያለ አገር ሰው ምን እንደ ለበሰ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ለበሰው ለይቶ መናገር ግድ ይሆናል።

እስቲ አንዱን ነጠላ ብቻ እንውሰድ። አንዲት ሴት ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ብትታይ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዷ ወይም ከዚያ መመለሷ እንደ ሆነ ይታወቃል። ያንኑ ነጠላ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ዘቅዝቃ ብትለብሰው ግን ኀዘን እንዳገኛት ያያት ሁሉ ይረዳል፤ ጎረቤትም ነጋሪ ሳይሻ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል። ወንዱም አደግድጎ ቢቆም በታላቅ ሰው ፊት መቅረቡ ወይም እንግዳ ማስተናገዱ ነው። ብርድ ሲጸና ወይም ከሰው ዐይን መሸሸግ ሲፈልግ ደግሞ ይከናነባል። ማጣፋት፣ መዘቅዘቅ፣ ማደግደግ፣ መከናነብ፤ ጨርቁ አንድ ሲሆን ነገሩ አራት ነው። «ነጠላ» የሚለውን ስም ብቻ ያጠና ተማሪ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱንም አላወቀም።

በጌጡና በራስ ላይ በሚደፋውም እንደዚሁ ነው። ቀለበት አጠለቀ ብንል ጣቱን አስጌጠ ማለታችን ነው፤ ቀለበት አሰረ ብንል ግን እጮኛ ያዘ ማለት ይሆናል። ባርኔጣ የደፋ ሰው ከፀሐይ ተከለለ፤ ቆብ የደፋ ሰው ግን ዓለምን ተወ፤ ቆቡን ጣለ የተባለለትም ወደ ዓለም ተመለሰ። ማተብ የሚታሰር ክር ነው፤ ማተቡን በጠሰ የተባለ ሰው ግን ሃይማኖቱንና እምነቱን አፈረሰ እንጂ ክር አልጣለም። ባርኔጣ ይደፋል፣ ጥምጥም ይጠመጠማል፣ ሻሽ ይታሰራል፣ ካባ ይደረባል፣ ሱሪና መቀነት ይታጠቃሉ፣ ሽርጥ ይሸረጣል። የጫማ ስም እንኳ መነሻው ራሱ የእግር መርገጫ ሲሆን፣ ከእርሱም «ተጫማ» የሚል የራሱ ግሥ ወጥቶለታል።

ስለ ቋንቋ የሚቈረቈሩ አንዳንድ ሰዎች ከባዕድ በመጡ የልብስ ስሞች አብዝተው ሲያዝኑ እንሰማለን። በእኛ ግምት ኀዘኑ ቦታውን ስቷል። ቀሚስና በርኖስ ከዐረብኛ፣ ሸሚዝ ከፈረንሳይኛ፣ ካፖርት፣ ጓንትና ቦርሳ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሆኖም ከመጡ በኋላ በአማርኛ ግሥ ተገዝተዋል። ካፖርቱን ደረበ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ ከረባቱን አሰረ ሲባል፣ እንግዳው ስም በአገሩ ሥርዐት ገብቶ ያድራል። ስም መበደር ያለና የሚኖር ነገር ነው። አስጊው ነገር ግሡን መጣል ነው።

መጣሉም በዐይናችን ፊት እየሆነ ነው። በተማሪዎች ድርሰት፣ በማስታወቂያና በትርጕም ጽሑፍ ባርኔጣ አደረገ፣ ቀበቶ አደረገ፣ ነጠላ አደረገች፣ ቀለበት አደረገች የሚለው አነጋገር እየበዛ ሄዷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከእንግሊዝኛ መተርጐም ይመስለናል፤ እንግሊዝኛ ለልብሱም፣ ለጫማውም፣ ለቀለበቱም፣ ለመነጽሩም በአንድ ግሥ ይበቃዋልና። ነገር ግን ሁሉም ሕዝብ እንዲህ አይደለም። ጃፓኖች እንኳ በራስ ላይ ለሚደፋው፣ ከወገብ በታች ለሚገባውና ለሌላው ልብስ የተለያዩ ግሦች አሏቸው፤ ዘመናዊ ሥልጣኔያቸውም ይህን አላስጣላቸውም።

«ቋንቋ መለወጡ አይቀርም፤ ሰው ከተግባባ ምን ቀረ?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ መነጽር አደረገ፣ ካልሲ አደረገ ማለት ነውር የለበትም። ልብሱ የጠፋበትም ግሥ አብሮት ቢጠፋ አይገርምም። ነጠላው ግን አልጠፋም። በየዓመቱ ጥር 10 እና 11 ቀን ሕዝቡ በጎንደር ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ምሳሌ ዛሬም ሕያው መሆኑን እናያለን። ልብሱ ሳለ ቃሉ ከጠፋ፣ መለበሱ ይቀርና መሸፈኑ ብቻ ይተርፋል።

በዚህ ረገድ ደራሲዎቻችንም ከወቀሳ አያመልጡም። ብዙዎች ባለታሪካቸውን «የባህል ልብስ ለብሳ» ብለው ያልፋሉ። ይህ ቃል ለሱቅ መስኮት ይበቃ ይሆናል፤ ለታሪክ ግን ምንም አይነግርም። ኀዘንተኛ ናት ወይስ ሙሽራ? ለጌታ ቆማለች ወይስ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳለች? አንድ ግሥ በስፍራው ቢገባ ኖሮ ገጽ ሙሉ ገለጻ ባላስፈለገ ነበር። በአንጻሩ «አደግድጎ ገባ» የሚለውን በቀድሞ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ ትርጕሙን ካላወቀ፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው የማዕርግ ልዩነት ሳይገለጥለት ገጹን ይገለብጣል።

ጕዳቱ በድርሰት ብቻ አይወሰንም። የመሥሪያ ቤት ሹም ሁለት ሥራ «ደርቦ» ሲይዝ፣ ጋዜጣው ስለ ጀግና ድል «መጎናጸፍ» ሲጽፍ፣ ስለ ጦር «ትጥቅ መፍታት» ሲነገር፣ ሠራተኛው ለሥራ «ታጥቆ ሲነሣ»፣ ይህ ሁሉ ከካባው፣ ከመጎናጸፊያውና ከወገብ መታጠቂያው የተወሰደ ነው። ግሡ ከልብሱ ከተለየ እነዚህ ቃላት በቢሮ ወረቀት ላይ ሥር እንደሌለው ተክል ይቀራሉ።

መዝገበ ቃላቱስ? የከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም.፣ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተሙት መጻሕፍት ትልቅ ውለታ ናቸው። ከእነርሱም በፊት በጎንደርም ጭምር ተቀምጦ የነበረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ፓሪስ አሳትሟል። ነገር ግን መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ማጣፋትንና ማደግደግን ከነጠላ ጋር አንድ ላይ አያቀርብም፤ ግሡን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ፈልጎ አያገኘውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ከእያንዳንዱ የልብስ ስም ጎን መልበሻውንና ማውለቂያውን ግሥ ይጻፉ፤ ባርኔጣ ይደፋል ይነሣል፣ ጥምጥም ይጠመጠማል ይፈታል፣ ቀለበት ይጠለቃል ይወልቃል እያሉ። ሁለተኛ፣ በጎንደርና በሰሜን ደጋ የሚገኙ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሸማኔዎች፣ ወደ ካህናትና ወደ ባልቴቶች ልከው የአለባበስን ቃል ያስለቅሙ። ለዚህ የሚፈለገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ አንድ ነጠላ፣ አንድ ደብተርና የሚጠይቅ ልጅ ይበቃል። አዛውንቶቹ ግን ሁልጊዜ አይቈዩንምና ጊዜው ዛሬ ነው።